ለእሜቴ የተሰፋ ክዳን

«እንዳትነካት!» ብላ ጮኸች እህቱ።

ልብስ ሰፊው ሊነካት ቀርቶ መተንፈስም አቅቶት ነበር። ትናንት እህቱ ገዝታ ያመጣቻት ታራንቱላ፣ መዳፍ የምታህል ባለጠጉር ሸረሪት፣ ከመስታወት ሳጥኗ ክዳን በአንድ እግሯ ተንጠልጥላለች። ሰባቱ እግሮቿ አየሩን ይቧጥጣሉ። ስምንተኛው የክዳኑ መረብ ውስጥ ተጠላልፎ ቀርቷል።

መረቡን የሰፋው እሱ ነው። ሳጥኑ ሲመጣ ክዳኑ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ነበር፤ እህቱም ይበቃታል ብላው ነበር። እሱ ግን ጠዋት የስፌት መኪናው ላይ ቢቀመጥ ሥራው አልያዝ አለው። ፍጡር እንዴት በዚህች ቀዳዳ ይተነፍሳል? ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሳጥኑን እንደ ደንበኛ ለካው። ከሙሽራ ዓይነ ርግብ የተረፈ ስስ መረብ ቆረጠ፣ ዳር ዳሩን ላስቲክ አስገባበት፣ ፕላስቲኩን አንስቶ ሳጥኑን አለበሰው። ራቅ ብሎ ሲያየው ልክክ ብሏል። የእሜቴ ጥፍር መንጠቆ መሆኑን ማን ይንገረው? ሸረሪቷን እሜቴ ያላት እሱ ነው፤ ስትራመድ አትቸኩልም ብሎ።

«ክዳኑን ማን ቀየረው?»

«እኔ ነኛ። ትታፈናለች ብዬ…»

«ጋሼ!»

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ሸረሪቷ መለሰች። ብትቆጣው በወደደ ነበር። ትዳሯ ፈርሶ አንድ ሻንጣ ይዛ ከመጣች አሥር ቀኗ ነው፤ በአሥር ቀን ውስጥ የሳቀችው አንዴ፣ ትናንት ማታ ብቻ ነበር። አፈሩን አርጥባ፣ የተሰበረ የአበባ ማስቀመጫ እንደ ዋሻ ደፍታ፣ በጠርሙስ ቆርኪ ውሃ አስቀምጣ ሸረሪቷን ስትለቃት፣ እሜቴ አንድ እግሯን አፈሩ ላይ አሳርፋ ወዲያው ሰበሰበችው፤ ቀዝቃዛ ውሃ እንደነካ ሰው። እህቱ በሳቅ ፍርስ አለች። እሱ በዚያች ሰዓት መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ነበር፤ የልጅነት ፍርሃቱ ነው። እዚያው ላይ ቆሞ፣ «ከዚህ ሳጥን አንዴ ከወጣች ወደ ገዛሽበት ትመለሳለች!» አለ። እህቱም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እሷ ከወጣች እኔም ወጣሁ» አለችው።

ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳችው። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው የስፌት መኪናው ብቻ ነበር። ቤቱ ቤት የሆነው እህቱ ከመጣች ወዲህ ነው፤ ይህን ግን አፉን ሞልቶ ነግሯት አያውቅም።

«ብንጎትታት እግሯ ይበጠሳል» አለች አሁን። «ከወደቀች ደግሞ ሆዷ ይፈርጣል። እንደ እንቁላል ነው፣ ጋሼ። እኔ እንዳልሠራው… እጄን እየው።»

እጇ ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊው የራሱን እጆች አየ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቁን ሳይጎዱ ስፌት ሲፈቱ የኖሩ ናቸው።

«መረቡን ወጥረሽ ያዥልኝ።»

«አንተ እኮ ትፈራለህ!»

«እፈራለሁ። ያዥው ብያለሁ።»

የክዳኑን አንድ ጥግ ገልጦ ግራ እጁን ቀስ እያለ ከሥሯ አስገባ። ጠጉራም እግሮቿ መዳፉን ሲያገኙ ከእግር እስከ ራሱ ውርር አለው። እጁን ግን አላንቀሳቀሰም። በቀኙ ትንሿን መቀስ አነሳና አንዷን ክር ቆረጠ። እሜቴ ተወራጨች።

«ቁሚ እንጂ፣ እሜቴ» አላት፣ ልክ ሲለካቸው አልቆም የሚሉትን ሙሽሮች በሚያባብልበት ድምፅ። «ቁሚ የኔ ቆንጆ፣ አሁን እንጨርሳለን። አይዞሽ።»

ሁለተኛ ክር። ሦስተኛ። ላቡ ቅንድቡ ላይ ወረደ፤ እህቱ በክንዷ ጠረገችለት። አራተኛው ክር ሲበጠስ እግሯ ተለቀቀና ሸረሪቷ መላ አካሏን ይዛ መዳፉ ላይ አረፈች። አንድ ጥቅል ክር እንኳ አትከብድም።

«አወጣሃት» አለች እህቱ በሹክሹክታ። «በል አሁን አፈሩ ላይ አውርዳት።»

እሜቴ የተጎዳውን እግሯን ወደ ሆዷ አጥፋ ኩርምት አለች። እሱም ጎንበስ ብሎ ያያታል። ፍርሃቱ የት እንደገባ እንጃ፤ አንጀቱን በላችው።

«ጋሼ፣ አውርዳት እንጂ። ግድ የለም፣ የተናገርከውን አልረሳሁም። ከሳጥኑ ወጥታለች። ነገ እመልሳታለሁ፣ እኔም…» ድምፅዋ ተቆረጠ።

«የት ወጣች? እጄ ላይ አይደለች እንዴ?» አላት። ቀጥሎ ያለውን መናገር ከመቀሱ ሥራ ይልቅ ከብዶት ነበር። «የትም አትሄዱም። ሁለታችሁም። ቤቴ ባዶውን ሲሆን አልወደውም።»

እህቱ መረቡን ለቀቀች። በዓይኑ ጠርዝ ካፖርቷን ስታነሳ አያት። አሥር ቀን ሙሉ አጣጥፋ ሻንጣዋ ላይ ነበር የምታስቀምጠው። አሁን ከበሩ ኋላ ሄዳ ከእሱ ካፖርት ጎን ሰቀለችው። ዞሮ ሊያያት ፈለገ፤ ነገር ግን መዳፉ ላይ ያለችው እንዳትደነግጥ አልተነቃነቀም።