የአቶ ሶርሳ ሃርድ ዲስክ

የአቶ ሶርሳ ኮምፒውተር ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው በረሮ ነው። ቀጥሎ አቧራ፣ ከአቧራው ጋር የቆሎ ፍርፋሪ። ማውሱ ላይ የቁርጥ ሥጋ ሞራ ደርቋል። እታፈራሁ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ጠረገችው። ባለቤቱንም እንዲሁ ጠርጎ የሚጥል ቢገኝ ደስታዋ ነበር።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ወላይታ ሶዶ፣ አንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት። እታፈራሁ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። አቶ ሶርሳ የመምህራን ዝውውር የሚፈርሙ ኃላፊ ናቸው።

ከአምስት ወር በፊት መምህሩን ባሏን ጩማን ከሶዶ አንስተው ገጠር ሃላሌ የጣሉት እሳቸው ናቸው። ከሃላሌ ወደ ሶዶ ለመምጣት መምህሩ ሁሉ አማላጅ ይልካል። ከሶዶ ወደ ሃላሌ የሚሄድ ግን የተቀጣ ሰው ብቻ ነው፤ ይህን ቢሮው በሙሉ ያውቃል።

ጩማ «ምን እንዳጠፋሁ አልተነገረኝም» ይላል። አቤት እንበል ብትለውም አይሰማትም። «ተይው፤ ጌታ ይፈርዳል» ነው መልሱ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሸሚዙ ታጥቦና ተተኩሶ። ለፍቶ አዳሪ ባሏ ብቻውን ከከሰል ካውያ ጋር ሲታገል ይታያታል። ልምጣና ልየው ስትለው ደግሞ «ቤቱ ለሴት አይሆንም» ይላታል።

በመጨረሻ፣ ባልና ሚስት አንድ ቦታ ይሥሩ የሚለውን ደንብ ጠቅሳ እሷም ወደ ሃላሌ እንድትዛወር አመለከተች። አቶ ሶርሳ ማመልከቻውን አነበቡ፣ አጠፉት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ይቅርብሽ» አሏት። ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፃቸውን በሰማች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች።

አሁን ደግሞ ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ አልቀበልም ብሏል። ሲዲው ይዞራል፣ ሰማያዊው ገጽ ይመጣል፣ ፓርቲሽን፣ ማለት የዲስኩን ክፍል፣ ምረጪ ይላል። ሲ የሚባለውን ስትመርጥ «በዚህ ፓርቲሽን ላይ መጫን አይቻልም» ብሎ ይቆማል። ሃርድ ዲስክ በመጋረጃ ለሁለት እንደተከፈለ ክፍል ነው፤ በሲ በኩል ዊንዶውስ ይቀመጣል፣ በዲ በኩል የሰውየው ሥራ። መጋረጃውን ቫይረስ ያዛባው ይመስላል። ሲን ፎርማት አድርጋ አጸዳችው፤ እዚያው ቆመ። አጥፍታ እንደገና ፈጠረችው፤ አሁንም እዚያው። የቀረው ሁለቱንም ማጥፋትና ዲስኩን እንደ አዲስ መክፈል ነው።

«ዲ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል» አለቻቸው። «መጀመሪያ ልገልብጥልዎት።»

«አትገልብጪ።»

«የስንት ዓመት ደብዳቤ ነው እኮ።»

«የሚያስፈልገው ታትሟል። ምንም ሳትከፍቺ አጥፊው። ለሁላችንም ይሻላል።» ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

እታፈራሁ የሰማችውን ለጸሐፊያቸው ለመብራት ነገረቻት።

«የባልሽን የዝውውር ደብዳቤ እኔ አልጻፍኩትም» አለች መብራት። «እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰውዬው ራሱ ዘግቶ ገብቶ በሁለት ጣቱ ፊደል ሲለቅም ዋለ። ንጹሕ ሰው ምን ያዘጋዋል?»

እታፈራሁ ሌላ አልጠየቀችም። ዲስኩን ነቀለችና በራሷ ማሽን ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰካችው። ሲ አልታየም፣ ዲ ግን ደህና ነበር። ብዙ ሳትፈልግ በጩማ ስም የተቀመጠ ፋይል አገኘች። ስትከፍተው ገጹ በሙሉ ምልክትና ነጠብጣብ ሆነባት፤ ደብዳቤው የተጻፈበት የግዕዝ ፎንት እሷ ማሽን ላይ የለም። ያለው መብራት ኮምፒውተር ላይ ነው። እሱ ደግሞ ለከሰዓቱ ግምገማ አዳራሽ ተወስዶ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተገጥሟል።

እንዲያውም ጥሩ ነው አለች። ለብቻዋ ከምታነበው ሠላሳው ሠራተኛ አብሯት ያንብበው። በጩማ ላይ የተሸረበው ውሸት ግድግዳው ላይ ከወጣ፣ ዝውውሩ ይሰረዛል፤ ባሏ ቤቱ ይገባል። ፋይሉን በፍላሽ ያዘች።

ግምገማው ላይ አቶ ሶርሳ ግለ ሂሳቸውን አቀረቡ። «ሰዓት የማክበር ችግር አለብኝ» አሉ። በየዓመቱ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰብሳቢው መዘገበና «ሐሳብ ያለው ካለ» አለ። እታፈራሁ እጇን አወጣች።

«አቶ ሶርሳ ዛሬ ጠዋት ዲስካቸውን ሳልከፍት እንዳጠፋ አዘውኝ ነበር። አላጠፋሁም። ባሌን ያለ ጥፋቱ ከእኔ የለዩበት ደብዳቤ እዚህ አለ። ቤቱ ያንብበው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አቶ ሶርሳ ተነሡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እታፈራሁ፣ ልጄ፣ ተይው። በጌታ እለምንሻለሁ።»

ልጄ ሲሏት ሰውነቷን ቀፈፋት። በዚያ በሞራ በወዛ አፍ ጌታን ሲጠሩ አላፈሩም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ሌሎች ሳቁ። ሰብሳቢው ይከፈት አለ።

መብራት ፍላሹን ሰካች። ምልክቶቹ በግድግዳው ላይ ፊደል ሆኑ። እታፈራሁ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«ጉዳዩ፦ የዝውውር ጥያቄ። መምህር ጩማ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በትዳር የሚኖሩት ባለቤታቸው ወ/ሮ ዓመለወርቅና ሦስት ልጆቻቸው ሃላሌ ስለሚገኙ፣ ወደዚያው እንዲዛወሩ ራሳቸው በጠየቁት መሠረት ተፈቅዶላቸዋል።»