የተቆረጠው መሸኛ

ዌስነር አንድ ሽማግሌ የመቱለትን የመንፈስ መጥሪያ ከበሮ በድምፅ ቀርጾ ከኮምፒውተር ምት ጋር ያዋሃደውን የዳንስ ሙዚቃ በዣክሜል ከተማ አደባባይ ሲለቀው፣ ሕዝቡ በጠራራ ፀሐይ አበደ። ከፊት ስትጨፍር የነበረችው እናቱ ድንገት አንገቷ ወደ ኋላ ተቆለመመ፤ ከበሮው የጠራው መንፈስ ሰፈረባት። ዌስነር ክው ብሎ ሙዚቃውን አጠፋው። መንፈሱ ግን አልለቀቃትም።

«ምን ይገትርሃል? የመንፈሱን መሸኛ ምት ልቀቀው እንጂ!» ብለው ጮኹበት ሽማግሌው።

«የለም፣ ጋሼ።»

«መትቼ ሰጥቼህ የለ እንዴ!»

«ቆርጬ ጣልኩት... ዳንሱን ያቀዘቅዛል ብዬ።»

«እንግዲያው በእጅህ ምታ፣ አንተ ከንቱ! በከበሮ የመጣ ያለ ከበሮ አይሄድም!»

ዌስነር መድረኩ ጥግ ለጌጥ ወደቆመው ከበሮ ሮጠ። ቢመታውም ምቱ ተወላገደበት። እናቱ መጥታ እጁን አፈፍ አደረገችና መዳፉን ገልብጣ አየችው፤ እንደ ሕፃን መዳፍ ለስላሳ ነበር።

«እኔን የጠራኝ ይሄ እጅ አይደለም» አለች፣ ልጇ በማያውቀው የወንድ ድምፅ። «የጠራኝ እጅ እስኪሸኘኝ እዚሁ ነኝ።»

ሽማግሌው ያን ምት ካስቀረጹ በኋላ ዓምና ሽባ የሆነውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው ከጀርባቸው ሸሸጉ።