ስምንተኛው ቀን

ሕፃኑን ለስምንተኛ ቀን ምርመራ ጤና ጣቢያ ሲያመጡት ነርሷ ለአባቱ የግርዛት ስምምነት ቅጽ ሰጠችው። ሦስት ጊዜ አነበበው፤ እጁ ግን አልፈርም አለው።

"ቶሎ ይፈርሙ እንጂ፣ ወረፋ አለ" አለች።

ሳምንቱን ሙሉ ከአማቱ ጋር ሲሟገት ሰንብቷል። እሳቸው "በስምንት ቀኑ ይገረዝ፤ ደንባችን ነው" ሲሉ፣ እሱ "ገላው የራሱ ነው፤ አድጎ ይወስን" ይል ነበር።

ሕፃኑን ወዳቀፉት አማቱ ዞረ።

"እማማ፣ አልፈርምም።"

"አባቱ አንተ ነህ ልጄ፤ እንዳልክ" አሉ በለሆሳስ።

ሙግት ጠብቆ ስለነበር ቀለል አለው። ቅጹን ባዶውን መለሰ።

ነርሷ ልትመዝነው ሕፃኑን ስትፈታው፣ ከሽንት ጨርቁ ስር ደም የነካው ፋሻ ብቅ አለ።

አማቱ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

"በእኔ ቆጠራ ስምንቱ ትናንት ሞላ።"