ሰው እንዲሆንልኝ

«ማመልከቻዬን መልሱልኝ ነው የምለው! የራሴ አይደል እንዴ?» ጠረጴዛውን በመዳፌ እመታለሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ እሸቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል እንጂ ቀና ብሎ አያየኝም።

ወንድሜ ቢተው ከነቱታው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዛሬ ጠዋት ወሎ ሰፈር ጋራዥ ሥራ ሊገባ ሲል ነው ከመንገድ ያፈሱት። ደጅ የቆመው ካሚዮን ላይ አሥራ ሦስት ልጆች ተጭነዋል፤ አሥራ አራተኛው እሱ ነው። ብሔራዊ ውትድርና፣ ከዚያ ሰሜን። ባለፈው ዙር ከሰፈራችን ከሄዱት እስካሁን አንድ ደብዳቤ የጻፈ የለም።

«ልጁ ሠራተኛ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» እላለሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ይኸው የአሠሪው የጋሽ አብዱራሕማን ወረቀት፣ ማኅተም አለው። አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቀረም። ካራምቡላ ቤት እኮ ድርሽ አይልም አሁን! ሰፈሩን ይጠይቁ።»

«ወረቀቱን አየሁት፣ ጓዲት ምንትዋብ። ዝርዝሩ የወጣው ግን ከፋይል ነው። ፋይሉ ቦዘኔ ነው ይላል።»

«ማነው ያለው?»

ኧረ እኔ ምን ዓይነት ጉድ ነኝ! እያወቅሁት እኮ ነው የምጠይቀው። ጓድ እሸቴ አንድ ወረቀት መዝዞ ጮክ ብሎ ያነባል።

«እኔ አመልካች ምንትዋብ ኃይለኪሮስ፣ ወንድሜ ቢተው ኃይለኪሮስ ሥራ ፈት ሆኖ ቀን ሲተኛ እየዋለ፣ ማታ ሃያ ሁለት ሰፈር ካለው ካራምቡላ ቤት ስለሚያመሽ፣ ራዲዮኔንና የሟች እናታችንን ጋቢ ሳይቀር አውጥቶ ስለሸጠ፣ ቀበሌው መክሮና ገሥጾ፣ እምቢ ካለም ቀጥቶ ሰው እንዲሆንልኝ...»

ቢተው ይህን አያውቅም ነበር። ዞሬ ላየው አልቻልኩም። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሌላው ሰው ልጁን ለቀበሌ ሲከስ ምን ይሆናል? ጠርተው ይቆጡታል፣ ሁለት ቀን ያሳድሩታል፣ መንገድ ያስጠርጉታል። እኔም ያ መስሎኝ ነው። እነሱ ሳይጠሩት እሱ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ጋራዥ ገባ። ደስ አለኝና ማመልከቻውን ረሳሁት። ረሳሁት! እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል?

«ውሸቴን ነው!» እላለሁ። «ተናድጄ ነው ያስጻፍኩት። አንድም እውነት የለበትም።»

«ተይ፣ አስቢበት። የሐሰት ማመልከቻ ከሆነ ልጁን እሰርዛለሁ፤ አንቺ ግን ስድስት ወር ትታሰሪያለሽ። አብዮታዊ አካል ማሳሳት ነው ይሄ።» ሊያስፈራራኝ የፈለገ አይመስልም፤ ደክሞታል።

«እሰሩኛ! አሁኑኑ! ስድስት ወር ምን አላት!»

እውነቴን ነው፣ ስድስት ዓመትም ቢለኝ እገባለሁ። ጓድ እሸቴ ትንፋሹን ለቀቅ አድርጎ እስክሪብቶውን ያነሳል፣ ዝርዝሩን ወደ ራሱ ይስባል። ተመስገን፣ ተሳካልኝ እላለሁ በሆዴ።

«እውነት ነው» ይላል ቢተው ከኋላዬ።

«ዝም በል አንተ!»

«እውነቷን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ራዲዮኑን ሸጫለሁ። ጋቢውንም። ያኔ እንደዚያ ነበርኩ። እሷ አልዋሸችም፣ አትታሰርም።»

ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሸኝ የኖረ ልጅ! የት አመሸህ ስለው ቤተ ክርስቲያን የሚለኝ! እውነት ለመናገር ዛሬን መረጠ። አፉን በእጄ ልይዘው እሮጣለሁ፤ በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃ ክንዴን ለቀም ያደርገኛል። ጓድ እሸቴ እስክሪብቶውን መልሶ ያስቀምጣል፣ ማመልከቻዬንም ፋይሉ ውስጥ ይከተዋል።

ቢተውን ወደ ካሚዮኑ ይወስዱታል፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር ይላል። ሊረግመኝ ነው። ቢረግመኝ ይሻለኛል።

«እትዬ» ይላል፣ «ቀጥ ብለሽ ጋራዥ ሂጂ፣ ቤት አትግቢ። የቀይዋ ፒክአፕ ፍሬን አየር ይዟል፣ ቢረግጡት አያቆምም። ትናንት ፈትቼው አልጨረስኩም። ባለቤቷ አራት ሰዓት ላይ ሊወስዳት ይመጣል። ማንም እንዳይነዳት ብለሽ ለጋሽ አብዱራሕማን ንገሪያቸው።»

«እሺ።»

«ቀይዋ ናት። እንዳትሳሳቺ።»

«እሺ፣ ቢተው።»

ካሚዮኑ ሞተሩን ያስነሳል። ሰዓት እጠይቃለሁ፤ ሦስት ተኩል ሆኗል። ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ ወሎ ሰፈር እሮጣለሁ፤ ካሚዮኑ ደግሞ በሌላው መንገድ ይታጠፋል።