የትርሲት ለቅሶ

መንግሥት ሠራተኞቹን በማሽን ሲተካ ከየሥራ ዘርፉ አንድ አንድ ሰው ለአርአያነት አስቀረ። ከባለጉዳይ አስተናጋጆች የቀረችው ትርሲት ናት። ማሽኖቹ ጠባይዋን ቀንም ሌትም ከእጇ አምባር ይቀዳሉ፤ እሷን ሆድ ከባሳት የአገሩን ማሽን ሁሉ ሆድ ይብሰዋል፤ እሷም ትባረራለች።

እናቷ በተቀበሩ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ በተለመደው ፈገግታዋ ለቀስተኛ ታስቀምጥ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ለጎረቤት እንኳ እንዲህ አይኮንም» አሏት የእናቷ እህት ወይዘሮ አስካለ።

«አክስቴ፣ ካለቀስኩ ከሥራ ያስወጡኛል። ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ?»

አክስቷ አምባሩን አዩት። ተነሡና ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁ። ከጠዋት ጀምሮ «እህቴን» ሲሉ የነበሩት ሴትዮ «እማዬ፣ እማዬ» እያሉ በትርሲት ፋንታ አለቀሱ።

ትርሲትም ለሚቀጥለው ለቀስተኛ ወንበር አቀረበች።