ጥብቅ እጅጌ

ሙሽራው ለሠርጉ ብሎ ስምንት ወር ሙሉ ብረት ሲያነሣ ከረመ። ክንዱ የበግ ጭን አከለ። ምግቡ የእንቁላል ነጭና የተቀቀለ ድንች ብቻ ሆነ፤ አክስቶቹ ዶሮ ወጥ ጠቅልለው ሊያጎርሱት በተጠጉ ቁጥር አፉን በመዳፉ ከድኖ «ዳይት ላይ ነኝ» ይላል። ሁሉም አኩርፈውታል።

ልብስ ሰፊው «እጅጌውን ላስፋው?» ቢለው፣ «ጥብቅ አድርገህ ስፋልኝ! የለፋሁበት ክንድ ይታይ እንጂ!» አለ።

በሠርጉ ቀን አማቱ ወይዘሮ የሺመቤት ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ይዘው መጡ።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!»

አፉን ሊከድን እጁን አነሣ። እጅጌው አልታጠፍም አለ፤ ክንዱ እንደ አጣና ተገትሮ ቀረ። «ዳይት ላይ…» ብሎ ሳይጨርስ ጉርሻው ገባ።

እያላመጠ ቀና ሲል፣ ከአማቱ ኋላ አክስቶቹ በሙሉ እጃቸውን ታጥበው ተሰልፈዋል።