ከመጋረጃው ወዲህ

«ጎበጥ በልልኝ፣ አባዬ። አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፈው» አለችው ልጁ ከኋላው ሆና።

ሽማግሌው ግንበኛ የቀዶ ጥገናው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ የቆመችውን ነርስ ትከሻ ተደግፎ ጎበጠ። ዕድሜውን ሙሉ ጠማማ ግድግዳ አይቶ ስለማያልፍ የሥራ ጓደኞቹ «ቱንቢ» ነው የሚሉት። ትናንት መታጠቢያ ቤት አዳልጦት የጭኑ አጥንት ከዳሌው ዝቅ ብሎ ተሰበረ። አሁን መቀመጥ የቻለውም ልጁ ቀድማ ብሽሽቱ አጠገብ በወጋችው መርፌ ሕመሙ ረገብ ስላለለት ነው።

«መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይልሃል፤ ከዚያ ጀርባህ ላይ ቆንጠጥ ያደርግሃል። እንዳትነቃነቅ።»

«እኔ መቼ ተነቃንቄ አውቃለሁ?» አለ፤ የነርሷን ትከሻ ግን ጨምድዶ ይዟል።

ሌላ ባለሙያ ሊመደብለት ነበር። እሱ ነው «ከልጄ ሌላ መርፌ ይዞ የሚጠጋኝ ካለ ስብራቴን ይዤ ቤቴ እገባለሁ» ብሎ ሐኪም ቤቱን ያስቸገረው። በሥራዋ ተማምኖ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቶ ነው። ሥራዋንማ ከሥራ ቆጥሮት አያውቅም። ሰመመን ሰጪ ሆና የተመረቀች ዕለት፣ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ሰው ልታስተኚ ነው? እናትሽ እናንተን ያስተኛቻችሁ በየትኛው ዲግሪ ነው?» ብሎ እንግዳውን ሁሉ በሳቅ አፍርሶት ነበር። እሷም ስቃለች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

መርፌው ገባ። ብዙም ሳይቆይ መቀመጫውን ሞቀው፤ ሙቀቱ በጭኑ አድርጎ እስከ እግር ጣቶቹ ወረደ። በጀርባው አስተኙት። ልጁ አልኮል የነካ ጥጥ ትከሻው ላይ ስታስነካው ቀዘቀዘው፤ ሆዱ ላይ ስትደርስ ግን ቅዝቃዜው የለም። እግሩን ላንሳ አለ። እንቢ አለው።

«እግሬን የት አደረግሽው?»

«አለልህ። መድኃኒቱ ከጀርባህ ወደ እግርህ የሚሄዱትን ነርቮች አስተኝቷቸው ነው። እዚያ ታች የሚደረገው ይደረጋል፤ ወሬው ግን ጭንቅላትህ አይደርስም።»

«መንገድ ዘጋሽበት በይኛ!»

«ለጊዜው ነው። በኋላ እከፍተዋለሁ።»

ደረቱ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘረጋ። ከመጋረጃው ማዶ ዋናው ቀዶ ሐኪም ሥራ ጀመረ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ጠዋት በኮሪደሩ ሲያልፍ ነርሱም ተማሪውም ግድግዳ ላይ ሲለጠፍለት ቱንቢ በዓይኑ አይቷል። ጥቂት ቆይቶ የመዶሻ ድምፅ መጣ፤ ብረት በብረት ላይ።

«እኔን ነው እንዲህ የሚደበድበኝ?»

«ስብራቱን የሚይዘውን ብረት አጥንትህ ውስጥ እያስገባ ነው።»

ቱንቢ ጆሮውን ጣል አደረገ። ምቱ እኩል ነው፤ አይቸኩልም። «እጁ ጥሩ ነው» አለ፤ «በጉብዝናዬ ጊዜ ቢመጣ እቀጥረው ነበር።» ከማዶ ብዙ ሰው ሳቀ።

ልጁ አልሳቀችም። ዓይኗ ከራስጌው በኩል ባለው ስክሪን ላይ ተተክሏል፤ ጣቶቿ አንጓው ላይ የደም ትርታውን ይዘዋል።

ድንገት አቅለሸለሸው። ጣሪያው ሸሸ። የሰዎቹ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ሆነ። «ልጄ፣ ልወድቅ ነው» ሊላት ፈለገ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው።

«ግፊቱ ወርዷል» አለች። «ዶክተር፣ መዶሻውን ያቁሙ።»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«አሁን ያቁሙ። የሚደማውን ተጭነው ይያዙልኝ።»

አልጮኸችም። ግን ቱንቢ ይህን ድምፅ ቤቱ ውስጥ ሰምቶት አያውቅም። መዶሻው ቆመ።

እሷ ግን አልቆመችም። ክንዱ ላይ በተሰካው ቱቦ መድኃኒት ገፋች፤ የተንጠለጠለውን ፈሳሽ ለቀቀችው፤ ነርሷን «የተዘጋጀለትን ደም ስቀዪልኝ» አለች፤ ፊቱ ላይ የኦክስጅን ጭንብል ደፋችለት። ከዚያ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች።

«ደም ፈሶሃል፣ አባዬ፤ ማደንዘዣውም የደም ሥሮችህን አላልቷቸዋል። እያጠበቅኳቸው ነው። በረጅሙ ተንፍስ። እዚሁ ነኝ።»

ተነፈሰ። ጣሪያው ቀስ በቀስ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ልቀጥል?» አለ ያ ግዙፍ ሐኪም።

«ገና ነው።»

ቱንቢ ጆሮውን ተጠራጠረ። ሰውየው አልተቆጣም፤ አልተከራከረም። እንደተባለው የሚደማውን ተጭኖ ቆሟል። ረዳቱም፣ ነርሶቹም፣ ክፍሉ በሙሉ ቀጥ ብሎ ይችን የእሱን ልጅ ይጠብቃል። እሷ አትቸኩልም። ስክሪኑን አየች፤ ትርታውን ደግማ ዳሰሰች፤ የዓይኑን ቆብ ዝቅ አድርጋ ቀለሙን ተመለከተች። እሱም ከሌሎቹ ጋር አብሮ፣ ተንፍስ የተባለውን ረስቶ፣ ትንፋሹን ውጦ አፏን አፏን ያያል።

«አሁን ይቀጥሉ» አለች።

«እሺ» አለ ሐኪሙ።

መዶሻው ሲጀምር ራስጌው የቆመችው ነርስ ከዓይኑ ጥግ ወደ ጆሮው የሚወርደውን እንባ አይታ ደነገጠች። «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

ጭንብሉን በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ «ልጄ ናት» አላት።

«አውቃለሁ እኮ።»

«አይ» አለ ሽማግሌው፤ «አታውቂም።»